ያልተመሰገነው የአበበ ቢቂላ ችሎታ

የአበበ ቢቂላ ስም በተነሣ ቍጥር ሰው ሁሉ ፈጥኖ የሚያስታውሰው በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ መሮጡን ነው። በትምህርት ቤታችን ሜዳ ስለ ስፖርት ክርክር ሲነሣም የምንሰማው ይኸንኑ ነው፤ የደጋ አየር አሳድጎት፣ ባዶ እግር አጠንክሮት አሸነፈ ይባላል። ነገር ግን፣ የተወደዳችሁ አንባብያን፣ በዚያ ዘመን በሸዋ ደጋ በባዶ እግሩ ያልሄደ ልጅ ስንት ነበር? ነገሩ የእግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ከየመንደሩ አንድ አንድ አበበ በወጣ ነበር። ቦክሰኛ በጡጫው ሲመሰገን አረማመዱንና ትንፋሹን መቈጠቡን የሚያይለት ጥቂት ነው። የአበበም ትልቁ ችሎታ እንዲሁ ሳይታይለት ቀርቷል፤ ይኸውም ጕልበቱን በልክ ማካፈልና ጊዜውን መጠበቅ ማወቁ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ በመንዲዳ አቅራቢያ ጃቶ በምትባል ቀበሌ ተወለደ። በልጅነቱ የቄስ ትምህርት ተማረ፤ በፈረስ ግልቢያ፣ በዋናና በገና ጨዋታም የታወቀ ነበር። ገና የተጫወተ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሩሯን ከማሳደድ ይልቅ ወዴት እንደምትመጣ አስቀድሞ ማየት ይበልጣል። ካደገ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ በክብር ዘበኛ ገባ፤ በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘው። ከሱሉልታ ኮረብታ እስከ አዲስ አበባ እየሮጠ የሚመላለስ ወታደር ጕልበት እንዳለው ማንም ያያል። ጕልበቱን ለመቼ እንደሚያቆየው ማወቅ ግን ሌላ ትምህርት ነው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የሮማው ማራቶን ከቀኑ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተጀመረ። በባዶ እግሩ የሮጠበት ምክንያት ቀላል ነው፤ በዚያው የገዛው አዲስ ጫማ እግሩን ውሃ ስላስቋጠረው ተወው። ከውድድሩ በፊት ከአሠልጣኙ ጋር ሆኖ መንገዱን ተመልክቶ ነበር። ፋሺስቶች ዘርፈው የወሰዱት፣ እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስም ወደ አገሩ ያልተመለሰው የአክሱም ሐውልት ከመጨረሻው ሳይርቅ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጥቂት ዳገት እንዳለው አይተው፣ ኃይሉን ለዚያ እንዲያቆይ ተስማሙ።

ሩጫው ሲጀመር ሌሎች ሲሽቀዳደሙ እሱ በልኩ ሄደ። ወደ 20 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ እሱና የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ብቻቸውን ከፊት ቀሩ። ራዲ 26 ቍጥር ለብሶ ይሮጣል ተብሎ ሲጠበቅ 185 ለብሶ ነበርና፣ አበበ ዋና ተቀናቃኙ ከጎኑ እየሮጠ ሳለ 26 ቍጥርን ወደ ፊት ይፈልግ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ቀደመኝ ብሎ ደንግጦ ያለ ጊዜው በሮጠ ነበር። አበበ ግን ጠበቀ። መሽቶ ወታደሮች ችቦ ይዘው በቆሙበት መንገድ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ፍጥነቱን ጨመረና ራዲን በ25 ሴኮንድ ቀድሞ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ደረሰ። ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነበር፤ ከዚያ በፊት ማራቶንን እንዲህ በፍጥነት የፈጸመ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር ይህ ልክ ሁልጊዜ አልተጠበቀም። በ1955 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ እሱና ማሞ ወልዴ ከመነሻው ጀምረው በኃይል ቀድመው ሄዱ፤ በኋላ ግን ብርዱና ዳገቱ አደከማቸው፤ አበበም አምስተኛ ወጣ። ሮጦ ከፈጸማቸው የውጭ አገር ማራቶኖች ያላሸነፈው ይህን ብቻ ነው። እግሩ ያው እግር ነበር፤ የጐደለው ልኩ ነው።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በዚህ ጊዜስ ጫማ አድርጎ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። ሁለተኛው ሰው ከአራት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ሲገባ አበበ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ቆይቶ ነበር። የኦሊምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ከእሱ በፊት አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን በእግሩ ሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ፤ ድሉንም ማሞ ወልዴ ወሰደው።

በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን ሌሊት፣ እኛ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በምንመላለስበት መንገድ በሸኖ አካባቢ፣ ቮልስዋገን መኪናው ተገለበጠች፤ እስከ ማለዳም ከውስጧ የሚያወጣው አላገኘም። ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልቆመም። በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ስምንት ወር ታክሞ ክንዶቹ ዳኑለት።

እግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። አበበ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ቀስት መወርወርን እንደ ጀማሪ ተማሪ ይለማመድ ጀመር፤ በ1962 ዓ.ም. ክረምትም በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጠርቶ ሳለ፣ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ 25 ኪሎ ሜትር ተወዳድሮ አንደኛ ወጣ። በፈረስ ያደገ የጃቶ ልጅ በረዶ ላይ ውሻ ነድቶ የበረዶ አገር ሰዎችን ቀደመ!

ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ፣ ከዚያው አደጋ በመጣ ሕመም ዐረፈ፤ በአዲስ አበባም በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።