ጦር ኃይሎች ከመባሉ በፊት

ከመካከላችን አዲስ አበባ ያደገ ወይም ለትምህርት የከረመ ሁሉ ጦር ኃይሎችን ያውቃል። የታክሲው ረዳት ስሙን እየደጋገመ ሲጣራ ስንት ጊዜ ተጋፍተን ገብተናል! እዚያ ያለው ትልቅ ሆስፒታል ሲከፈት ግን የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነበር የሚባለው። እኔ ይህን ያወቅሁት ሐኪም ሆኜ ብዙ ዓመት ከሠራሁ በኋላ፣ ጡረታ ከወጡ አንዲት አዛውንት ነርስ ነው። እሳቸው እስከ ዛሬ ጦር ኃይሎች አይሉትም፤ ፀሐይ ሆስፒታል ነው የሚሉት። የሚገርመው፣ የልዕልት ፀሐይ ታላቅ እህት የልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከቀድሞው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አልፎ የሰፈር መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል፤ ረዳቶቹ ዛሬም ይጠሩታል። የታናሽየዋ ስም ነው ከታክሲው መንገድ የወጣው።

ስለ ልዕልት ፀሐይ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዩኒቨርሲቲያችን የነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሙን ሲከልስ፣ ትምህርት ክፍሉ የዓላማና የእሴት ረቂቁን ከሌላ ክፍል ለተመረቅን ሰዎችም ለአስተያየት ልኮ ነበር፤ ለእኔም ደረሰኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ በስልኬ ላይ ገረፍ ገረፍ አድርጌ ነው ያነበብኩት። ሳይንሳዊ ዕውቀት፣ ርኅራኄ፣ የታካሚ ክብር፣ የማኅበረሰብ ጤና፣ አመራር፣ የታካሚ ጠበቃነት። እንዲህ ያለ ሰነድ ሁሉ ይመሳሰላል፤ የኛ የሕክምናውም ያው ነው። ሁለተኛ ሳነበው ነው የእኚህ ሴት ሕይወት ትዝ ያለኝ፣ ቃላቱም ክብደት ያገኙት። (ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 2 ቀን 1912 ተወለዱ። አባታቸው ያኔ ገና ራስ ተፈሪ፣ አልጋ ወራሽ ነበሩ። ስለ ልጅነታቸው ብዙ አልቆይም፤ በቤተ መንግሥት ያደገች የንጉሥ ልጅ ምን እንደሚሟላላት ሁላችንም እንገምታለን። ለእኔ ታሪካቸው የሚጀምረው ጣሊያን ሲወረን ነው። ገና አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው፣ በእናታቸው በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተቋቋመውን የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ሥራ ከሚመሩት አንዷ ነበሩ። ሴቶቹ ለቁስለኛ ፋሻ ያዘጋጁ ነበር፤ የመርዝ ጋዙ ወሬ ከሰሜን ሲመጣ ደግሞ ጭምብል መሥራት ጀመሩ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። በረቂቁ ላይ የማኅበረሰብ ጤና የሚለው አንቀጽ በአደጋ ጊዜ ዝግጁነትን ይጠቅሳል። ጭምብል የሚሰፉት ሴቶች ግን አንቀጽ አልነበራቸውም፤ መርፌና ክር፣ እንዲሁም ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ነበር ያላቸው።

ሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ ቤተሰቡም ተሰደደ። እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ በሚገኘው ፌርፊልድ ቤት ተቀመጡ። ስደት ለነገሥታትም ስደት ነው፤ ገንዘብ ያጥራል፣ ብርድ አለ፣ ከአገር ቤት የሚመጣው ወሬ ሁሉ የሞት ነው። ልዕልቷ በዚያ ቤት ተቀምጠው ማዘን ይችሉ ነበር፤ ማንም አይወቅሳቸውም። እሳቸው ግን አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት ወደሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ለመማር ገቡ።

የዚያን ዘመን ሰልጣኝ ነርስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካልተረዳን ይህን ውሳኔ አንረዳውም። ከዋርዱ ሥርዓት ግርጌ ያለች ሠራተኛ ማለት ናት። ፖፖ ታጥባለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ የሕፃን ሙቀት ትለካለች፣ ታጎርሳለች፣ ኃላፊዋ ነርስ ስትገባ ትነሣለች። በቤተ መንግሥት ሰው ሁሉ የሚነሣላቸው ልጅ፣ ለሌላ ሰው መነሣትን በዚያ ለመዱ። እኔ እዚህ በአንቱታ እየጻፍኩ ነው፤ ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን ግን አንቱታ አያውቅም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በዚያ ዘመን በሕፃናት ሆስፒታል ወላጅ እንደ ዛሬው ልጁ አጠገብ አያድርም ነበር፤ የመጠየቂያው ሰዓት በጣም የተወሰነ ነበር። ስለዚህ ለሕፃኑ እናትም ዓይንም ነርሷ ነበረች። ሕፃን ደግሞ ሕመሙን አይናገርም። አተነፋፈሱ ሲፈጥን፣ የአፍንጫው ቀዳዳ ሲሰፋ፣ ጡጦ ሲገፋ፣ ለቅሶው ሲቀጥን ማየትና መጻፍ የነርሷ ፋንታ ነው። ሐኪሙ በቀን አንዴ ሁለቴ ያልፋል፤ የቀረውን ሰዓት የምታውቀው እሷ ናት። ሦስት ዓመት እንዲህ ተምረው፣ ልዕልት ፀሐይ በ1931 ክረምት ፈተናቸውን አልፈው በእንግሊዝ መንግሥት የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። በዘመናዊ መንገድ ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነርሶች አንዷ መሆናቸው ነው። ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ፤ ለንደን በቦምብ ስትደበደብ እሳቸው በጋይስ ሆስፒታል ነርስ ነበሩ።

ስለ ማየት ከተነሣ የራሴን ልናገር፤ እናንተ የክፍሌ ልጆች ይህን አልነገርኳችሁም።

ኢንተርን ሳለሁ፣ በአንድ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። በወቅቱ አብዛኞቹ የዋርድ ነርሶች ዲፕሎማ ነበራቸው፤ ያን ሌሊት አብራኝ የነበረችው ደግሞ በማታው ፕሮግራም ዲግሪዋን እየተማረች ነበር፤ በሻይ ሰዓት ደብተር ይዛ ነበር የምትቀመጠው። ከወለደች ሁለት ሰዓት የሞላት አንዲት ወጣት ነበረች። ነርሷ መጥታ ልጅቷ ፐልሷ እየጨመረ እንደሆነ፣ እረፍት እንዳጣችና ውሃ ውሃ እንደምትል ነገረችኝ። እኔ ቢፒዋን አየሁ፤ 110 በ70። ደህና ናት ብዬ ወደ ሌላዋ ሄድኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግማ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ቁጥሮቹን በሰዓት በሰዓቱ በወረቀት ጽፋ ነበር፤ 96፣ 108፣ 124። ደክሞኝ ነበር፤ ተቆጣሁ ማለት ይቀላል። እሷም ምንም ሳትመልስልኝ ሄዳ ለሲኒየሩ ደወለች።

ሲኒየሩ መጥቶ ሆዷን ሲዳስስ ማህፀኗ ለስልሶ በደም ተሞልቶ ነበር። የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ወጣትና ጤነኛ የሆነች እናት ብዙ ደም እስክታጣ ድረስ ቢፒዋን ይዛ እንደምትቆይ፣ ቀድሞ የሚናገረው ፐልሱ እንደሆነ እኔ በመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ነርሷ አልጋው አጠገብ አወቀችው። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጣት፣ ኦአር ገባች፣ ዳነች። እኔ ነርሷን ለሁለት ሳምንት አኮረፍኳት። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ከስህተቱ ይልቅ ኩርፊያው ነው። ያደረገችውን ነገር ረቂቁ የታካሚ ጠበቃነት ይለዋል። ያን ሌሊት እኔ ድፍረት ነበር ያልኩት።

ወደ ልዕልት ፀሐይ ልመለስ። በ1933 አገር ነፃ ወጣች፤ እሳቸውም ተመለሱ። የተመለሱበት አገር ከአምስት ዓመት ጦርነት በኋላ የቀረ ነበር፤ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገድለዋል፣ የሠለጠነ ነርስ በጣት የሚቆጠር ነበር። ሙያውን የተማሩት ለአገራቸው ሴቶችና ሕፃናት ሊሠሩበት ነበር። ሚያዝያ 1934፣ በኋላ ሌተና ጄኔራል ከሆኑት ከአቢይ አበበ ጋር ተጋቡ፤ ባለቤታቸው ወለጋ ተሾሙና ወደ ነቀምቴ ሄዱ።

ነሐሴ 11 ቀን 1934 እዚያው ነቀምቴ አረፉ፤ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር። ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ከሠርጋቸው አራት ወር አልሞላም።

የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ቀን ሳነብ ሁልጊዜ ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን ነው የማስበው። እሳቸው በሠሩበት ለንደን፣ ከጦርነቱ ዋዜማ ጀምሮ የደም ማከማቻዎች ተቋቁመው ነበር። ማህፀንን አኮማትሮ ደም የሚያቆመው ኤርጎሜትሪን ተለይቶ የታወቀውም እዚያው እንግሊዝ ውስጥ፣ እሳቸው ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ነሐሴ ላይ ከነቀምቴ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ ግን አስቡት፤ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ጭቃና ሙላት። በአገሩ ካሉት ጥቂት የተመዘገቡ ነርሶች አንዷ ራሳቸው ነበሩ። ታካሚዋም እሳቸው ሆኑ። የንጉሥ ልጅነት እንኳ መንገድ አላሳጠረላቸውም፤ የገበሬዋን ሚስት ማሰብ ነው እንግዲህ።

ከሞታቸው በኋላ፣ በጦርነቱ ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ለኢትዮጵያ ጋዜጣ ታሳትም የነበረችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። ዓመታት ፈጀ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ሆስፒታሉ ተከፈተ፣ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ጀመር። ጎንደር ላይ ደግሞ በ1947 የሕዝብ ጤና ኮሌጁ ተከፍቶ የማኅበረሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ያዘ፤ ነርሷ ከአልጋው አጠገብ ወደ መንደሩ ወጣች ማለት ነው። ዲግሪው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከኛ ከሐኪሞቹ መካከል ዲግሪው ነርሷን ከአልጋ አንስቶ ቢሮ አስቀመጣት ብለው የሚያማርሩ አሉ። ጨርሶ ሐሰት ነው አልልም፤ አይቻለሁ። ጥፋቱ ግን የዕውቀቱ አይደለም፤ ደረጃ ያገኘችን ነርስ ሁሉ ወደ ወረቀት የሚገፋው አሠራራችን ነው። ልዕልት ፀሐይ በሥልጣን ቢሆን ኖሮ ሪባን እየቆረጡ መኖር ይችሉ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ሙቀት መለካትን መረጡ።

ለረቂቁ አስተያየት ስልክ ሁለት ነገር ነው የጻፍኩት። አንደኛው፣ አመራር የሚለው አንቀጽ ከአልጋ አጠገብ እንክብካቤ በፊት ተቀምጦ ነበርና ወደ ኋላ ይምጣ አልኩ። ሁለተኛው፣ ተመራቂዋ ለውጥ ስታይ ለሐኪም ታሳውቃለች የሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ፣ ያየችውን በቁጥርና በሰዓት ታስረዳለች፣ ሰሚ ካጣችም ወደ በላይ ትወስዳለች የሚል እንዲጨመር ጠየቅሁ። ግርጌ ላይም አንድ ጥያቄ አስቀመጥኩ፤ ነርሷ እንድትናገር እዚህ ተጽፏል፣ ሐኪሙ እንዲሰማስ የት ነው የተጻፈው አልኩ።

ትምህርት ክፍሉ ሁለቱንም ተቀብሎ አመሰገነኝ። ለጥያቄው የመጣልኝ መልስ ግን አጭር ነበር፤ እሱ የእናንተ ክፍል ጉዳይ ነው የሚል። ትክክል ናቸው። የሕክምናውን ሥርዓተ ትምህርት አውርጄ ማንበብ ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን ገጽ አርባ ደርሻለሁ፣ አላገኘሁትም። በፋኩልቲው ያላችሁ፣ ካያችሁት ገጹን ንገሩኝ።