በስሙ በተጠራችው ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ሕይወቱ ያለፈው ሆራስ ሀንሊ

ሆራስ ላውሰን ሀንሊ መርከበኛም፣ መሐንዲስም፣ የጦር መኮንንም አልነበረም። በኒው ኦርሊንስ ወደብ በሚገኘው የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ያገለገለ የሕግ ባለሙያና ነጋዴ ነበር። ይሁንና በውጊያ ላይ የጠላትን የጦር መርከብ በማስጠም የመጀመሪያ የሆነችው ሰርጓጅ መርከብ የምትታወቀው በእርሱ ስም ነው። መርከቢቱ ይህን ከመፈጸሟ ከአራት ወራት በፊት ግን ሀንሊንና ሰባት ባልደረቦቹን ይዛ ሰጥማ ነበር።

ሀንሊ እ.ኤ.አ. በ1823 በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ሰምነር በተባለ አውራጃ ተወለደ። በልጅነቱ ቤተሰቡ ወደ ሉዊዚያና ግዛት በመዛወሩ ያደገው በኒው ኦርሊንስ ከተማ ነው። በዚያው ሕግ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1849 ተመረቀ፤ በጥብቅና ሠራ፤ የግዛቲቱም ምክር ቤት አባል ለመሆን በቃ። እኅቱ ቮሉምኒያ ያገባችው ሮበርት ባሮው በባሪያዎች ጉልበት የሚለሙ ሰፋፊ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎች ባለቤት ነበር። የሀንሊ ኑሮና ወዳጅነት የተመሠረተው በዚህ ሥርዓት ላይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1861 የደቡብ ግዛቶች ባርነትን ጠብቀው ለማቆየት ከፌዴራሉ መንግሥት ተገንጥለው ጦርነት ሲከፈት እርሱም ከደቡቦቹ ጎን ተሰለፈ።

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር የደቡብ ወደቦች በባሕር ኃይል እንዲዘጉ አዘዘ። ደቡቦቹ ጥጣቸውን ወደ አውሮፓ ካልላኩ የጦር መሣሪያ የሚገዙበት ገንዘብ አይኖራቸውም። የመርከቦች መምጣትና መሄድ ሲቀንስ በመጀመሪያ የሚያውቀው የጉምሩክ ሰው ነውና ሀንሊ የእገዳውን ክብደት ለመረዳት የማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። ደቡቦቹ ከሰሜኑ ባሕር ኃይል ጋር የሚመጣጠኑ መርከቦች ስላልነበሯቸው ከውኃው ሥር ሆኖ ማጥቃት የሚለው ሐሳብ የብዙዎችን ቀልብ ሳበ። በዚህ ላይ የጠላትን የጦር መርከብ ለሚያጠፋ የግል ባለመርከብ የመርከቡ ዋጋ 20 በመቶ እንደሚከፈል በሕግ ተደንግጎ ነበር። አገር ወዳድነትና የትርፍ ተስፋ በአንድነት የተጓዙበት ሥራ ነበር ማለት ይቻላል።

ሀንሊ ጄምስ ማክሊንቶክና ባክስተር ዋትሰን ከተባሉ ሁለት የማሽን ባለሙያዎች ጋር በመሆን ፓዮኒር የተባለችውን የመጀመሪያ ሰርጓጅ አሠራ። ፓዮኒር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1862 የሥራ ፈቃድ ብታገኝም በሚቀጥለው ወር ኒው ኦርሊንስ በሰሜኑ ጦር እጅ በመውደቋ ባለቤቶቿ ራሳቸው በቦይ ውስጥ አሰጠሟት። ሦስቱ ሰዎች ወደ ሞቢል ከተማ ተሻግረው አሜሪካን ዳይቨር የተባለችውን ሁለተኛዋን ሠሩ። እርሷም በየካቲት 1863 በሌላ መርከብ እየተጎተተች ስትጓዝ ማዕበል መትቷት ሰጠመች። በዚህ አደጋ የሞተ ሰው አልነበረም።

ለሦስተኛዋ መርከብ ከወጣው 15 ሺህ ዶላር ውስጥ አንድ ሦስተኛውን የከፈለው ሀንሊ ነው። መርከቢቱ 12 ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ሲሆን፣ የውስጥ ከፍታዋ ሰው ቀጥ ብሎ የማያቆም፣ ስፋቷም ሁለት ሰዎችን የማያሳልፍ ጠባብ የብረት በርሜል ነበረች። ሰባት ሰዎች በአንድ ጎን ተደርድረው ረጅም የብረት መዘውር በእጃቸው እያዞሩ ያንቀሳቅሷታል፤ አዛዡ ከፊት ሆኖ ይመራታል። ከሻማ በቀር ሌላ ብርሃን አልነበራቸውም። የሻማው መደብዘዝም አየሩ እያለቀ መሆኑን ያስታውቃቸዋል።

ለመጥለቅ በመርከቢቱ ጫፍና ጫፍ ወዳሉት ሁለት ማጠራቀሚያዎች ውኃ ይገባል፤ ለመውጣት ደግሞ ውኃው በእጅ ፓምፕ ተገፍቶ ይወጣል። የማጠራቀሚያዎቹ ግድግዳ ግን እስከ ጣሪያው አይደርስም ነበር። መክፈቻው በወቅቱ ካልተዘጋ ውኃው ከማጠራቀሚያው ሞልቶ ሠራተኞቹ ወደተቀመጡበት ክፍል ይፈስሳል። ያን ጊዜ ይህን ጉድለት ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው ያለ አይመስልም።

መርከቢቱ በሐምሌ 1863 በሞቢል ወንዝ ላይ በተደረገው ሙከራ አንድ አሮጌ ጀልባ በማስጠሟ ከበባ ላይ ወደነበረችው ቻርልስተን በባቡር ተላከች። የከተማዋ የጦር አዛዥ ጄኔራል ቦሬጋርድ በባለቤቶቿ መዘግየት ተማርሮ ለባሕር ኃይል አስረከባት። ነሐሴ 29 ቀን ሌተናንት ጆን ፔይን የተባለ መኮንን እያዘዛት ሳለ ክዳኖቿ እንደተከፈቱ ጠልቃ አምስት ሰዎች ሞቱ። ፔይን ተርፏል።

ሀንሊ በዚህ ጊዜ ነገሩን መተው ይችል ነበር። ከተጠያቂነት ነፃ ነበር፤ መርከቢቱ ከእጁ ከወጣች በኋላ የደረሰ አደጋ ነውና። እርሱ ግን መስከረም 19 ቀን ለጄኔራሉ ደብዳቤ ጽፎ መርከቢቱ እንድትመለስለትና አሠራሯን የሚያውቁ ሰዎችን ከሞቢል እንዲያስመጣ እንዲፈቀድለት ጠየቀ። ጄኔራሉም ፈቀደ። ከመጡት ሰዎች መካከል መርከቢቱ የተሠራችበት ድርጅት ባለቤት ልጅ ቶማስ ፓርክ ይገኝበታል። ሌተናንት ጆርጅ ዲክሰን ሠራተኞቹን ያሠለጥን ስለነበር መርከቢቱ ኢንዲያን ቺፍ ከተባለችው የራሳቸው ወገን መርከብ ሥር ደጋግማ እያለፈች በሰላም ትመለስ ጀመር።

ጥቅምት 15 ቀን 1863 ጠዋት ዲክሰን አልነበረም። ሀንሊ ራሱ የአዛዡን ቦታ ይዞ ልምምዱን እንዲመራ ሆነ። መርከቢቱ ወደ ኢንዲያን ቺፍ ተጠግታ ጠለቀች፤ በሌላኛው ወገን ግን አልወጣችም።

መርከቢቱን ለማውጣት ሦስት ሳምንታት ወሰደ። የተገኘችው 16 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ አፍንጫዋ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ፣ ጭራዋ ወደ ላይ ተንጋድዶ ነበር። ስትከፈት በሥራዋ የተሳተፈው መሐንዲስ ዊሊያም አሌክሳንደር ያየውን ከብዙ ዓመታት በኋላ በጽሑፍ አስፍሯል። የፊተኛው ማጠራቀሚያ መክፈቻ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ መዝጊያው ቁልፍ ወለሉ ላይ ወድቋል። የኋለኛው ማጠራቀሚያ በአግባቡ ተዘግቶ ውኃው ወጥቶ ነበር፤ ይህም ፓርክ ድርሻውን መወጣቱን ያሳያል። ከመርከቢቱ ሥር ያሉትን ከባድ ብረቶች የያዙት ብሎኖች ጥቂት ዞረዋል፤ ብረቶቹን ለመጣል ግን የሚበቃ አልሆነም። ሀንሊ በፊተኛው መውጫ ሥር ቆሞ፣ ቀኝ እጁ ክዳኑን ለመግፋት ወደ ላይ እንደተዘረጋ፣ በግራ እጁ ያልበራ ሻማ እንደያዘ ተገኘ።

ሀንሊ ውኃውን እያስገባ ሳለ መክፈቻውን መዝጋት ሳይዘነጋ አልቀረም፤ በጨለማ ውስጥ ቁልፉ ሲወድቅበትም መልሶ ሊያገኘው አልቻለም። አሌክሳንደር ለዚህ ምክንያት አድርጎ የጠቀሰው አለማወቅን አይደለም። ሀንሊ መርከቢቱን እጅግ ከመልመዱ የተነሣ መዘናጋቱን ነው። ፍርዱ ወዳጅ በወዳጁ ላይ የሰጠው እንደመሆኑ ሚዛን የሚደፋ ነው። ሆኖም ለአንድ ሰው መዘንጋት ስምንት ነፍስ የሚያስከፍል ግድግዳ የሠሩት ሁሉ ከነገሩ ነፃ አይሆኑም።

ሀንሊ ኅዳር 8 ቀን 1863 በማግኖሊያ መቃብር ሥፍራ በወታደራዊ ሥርዓት ተቀበረ። ሬሳዎቹ ሲወጡ የተመለከተው ጄኔራል ቦሬጋርድ መርከቢቱ ከእንግዲህ እንዳትሠራ አዘዘ። ዲክሰንና አሌክሳንደር ግን አጥብቀው በመለመናቸው በሁለት ግዴታ ተፈቀደላቸው፤ መርከቢቱ በውኃው ላይ ሆና እንጂ ጠልቃ እንዳትዋጋ፣ አዳዲስ በጎ ፈቃደኞችም ያለፈው አደጋ ሁሉ እንዲነገራቸው። በጎ ፈቃደኞቹ ታሪኩ ተነግሯቸው ገቡ። አሌክሳንደር ከዘመቻው በፊት ወደ ሞቢል በመጠራቱ ከሞት ተረፈ።

የካቲት 17 ቀን 1864 ምሽት መርከቢቱ 61 ኪሎ ግራም ያህል ባሩድ የያዘ ፈንጂ በረጅም የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ተሸክማ ሁሳቶኒክ የተባለችውን የሰሜኑን የጦር መርከብ መታች። ሁሳቶኒክ በደቂቃዎች ውስጥ ስትሰጥም አምስት ሰዎቿ ሞቱ። ዲክሰንና ሰባት ባልደረቦቹም አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ ሰርጓጅ መርከብ በውጊያ ላይ ሌላ የጦር መርከብ ለማስጠም ግማሽ ምዕተ ዓመት፣ እስከ 1914 ድረስ ፈጅቷል። የሰሜኑ ከበባም በዚህ ጥቃት አልተነሣም።

መርከቢቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ተገኝታ ነሐሴ 8 ቀን 2000 ከባሕር ወጣች። የዲክሰን ሰዎች አፅም እንደ ሀንሊና እንደ ፓርክ በመውጫዎቹ ሥር አልተገኘም፤ እያንዳንዱ በሥራ ቦታው ላይ ነበር። የፍንዳታው ግፊት ገደላቸው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ አየር አልቆባቸው ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተቋጨም። መርከቢቱ በሰሜን ቻርልስተን በሚገኝ የጥበቃ ማዕከል ተቀምጣለች።

በነሐሴ 1863 የሞቱት መርከበኞች መቃብር ከጊዜ በኋላ የእግር ኳስ ስታዲየም ተሠርቶበት ተረስቶ ቆይቶ አፅማቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ማግኖሊያ ተዛወረ። የዲክሰን ሰዎችም ሚያዝያ 17 ቀን 2004 በዚያው ተቀበሩ። በአንዲት መርከብ ውስጥ የሞቱት 21 ሰዎች፣ ሀንሊን ጨምሮ፣ ዛሬ በአንድ መቃብር ሥፍራ ይገኛሉ።