ሦስት ጊዜ የነገሠው ቁማርተኛ፦ የስቱ አንጋር ሕይወት

በፖከር የዓለም ውድድር ዋናውን ሻምፒዮና ሦስት ጊዜ ተጫውቶ ያሸነፈ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም ኒው ዮርካዊው ስቱ አንጋር ነው። ጆኒ ሞስ በመዝገብ የሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ቢባልም፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገኘው የመጀመሪያ ማዕረግ በተጫዋቾች ድምፅ የተሰጠው ነበር። የአንጋር ድሎች ግን ሦስቱም በጠረጴዛው ላይ የተገኙ ናቸው። ይሁንና ይህ ሰው የማሸነፍን ጥበብ የተካነውን ያህል ያሸነፈውን መያዝ አልሆነለትም።

አንጋር እ.ኤ.አ. በ1953 ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ በማንሃተን ሎወር ኢስት ሳይድ ሰፈር አደገ። አባቱ ባለ መጠጥ ቤት ነበር፤ በዚያ ቤት ከመጠጡ ጎን ለጎን ቁማርና ውርርድ ይካሄድ ነበርና ልጁ ፊደል ከመቁጠር እኩል ካርታ መቁጠርን ተማረ። ገና በአሥር ዓመቱ በጂን ራሚ ውድድር አሸነፈ። በ1967 አባቱ በልብ ሕመም ሲሞት፣ እናቱም በበሽታ አቅም ስታጣ፣ አንጋር ትምህርቱን አቋርጦ በካርታ ጨዋታ እናቱንና እህቱን መደጎም ጀመረ። በወንጀል ዓለም ስሙ ይነሣ የነበረው ቪክቶር ሮማኖ እንደ አባት ሆኖ ከለላ ሰጠው።

ጂን ራሚ በአገር ቤት ኮንከር ከሚባለው ጨዋታ ጋር ይቀራረባል። ተጫዋቹ አሥር ካርታ ይዞ እያነሣና እየጣለ አንድ ዓይነት ቁጥሮችን ወይም ተከታታይ ካርታዎችን ያሰባስባል። ተጋጣሚ የሚጥለውም የሚያነሣውም ካርታ ለሚያስተውል ዓይን ምስጢር ያወጣል፤ አንጋርም ከጥቂት ዙር በኋላ ተቃራኒው በእጁ የያዘውን አንድ በአንድ የሚያውቅ ያህል ይጫወት ነበር። በዘመኑ ከታላላቆቹ አንዱ የነበረውን ሃሪ ስታይንን እጅግ ክፉኛ ስላሸነፈው፣ ከዚያ በኋላ በገንዘብ ሊገጥመው የሚደፍር ጠፋ። ተጋጣሚዎቹ የመጨረሻዋን ካርታ አስቀድመው እንዲያዩ ቢፈቅድም ሰው አልቀረበውም። ብልህ ቁማርተኛ ደንበኛ እንዳይሸሽበት አንዳንዴ ይሸነፋል፤ አንጋር ግን ይህን ማስመሰል ከቶ አልቻለበትም።

በኋላ ወደ ማያሚ፣ ከዚያም ወደ ላስ ቬጋስ አቀና። በዚያ ስድስት እሽግ ካርታ ተቀላቅሎ ሲወጣ በዓይኑ ብቻ እየተከታተለ የቀሩትን በአእምሮው ለመያዝ ከካሲኖ ባለቤቱ ቦብ ስቱፓክ ጋር ተወራርዶ 100,000 ዶላር አሸነፈ። ብላክጃክ የሚጫወትባቸው ካሲኖዎችም ውለው አድረው በራቸውን ዘጉበት።

የቀረለት የፖከር ውድድር ነበር፤ ለእርሱ የተሠራ እስኪመስል ድረስም ተስማማው። በሻምፒዮናው እያንዳንዱ ተወዳዳሪ 10,000 ዶላር ከፍሎ እኩል የጨዋታ ገንዘብ ይረከባል፤ ያለቀበት ይወጣል፣ የመጨረሻው ሰው ያሸንፋል። ማንም አልገጥመውም ብሎ ሊያፈገፍግ አይችልም፤ የሚከስረውም ከመግቢያው ክፍያ አያልፍም። በ1980 በላስ ቬጋስ ቢኒየንስ ሆርስሹ ካሲኖ ከ73 ተወዳዳሪዎች መካከል ታላቁን ዶይል ብራንሰንን በመጨረሻው ፍልሚያ ሲረታ ዕድሜው 26 ዓመት ነበር። ፊቱ የጉርምስና መልክ ስላልለቀቀው ልጁ የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። በ1981 ዳግም አሸንፎ 375,000 ዶላር ወሰደ።

ችግሩ ከውድድሩ ውጭ ገደብ የሚያበጅለት አለመኖሩ ነው። በካርታ ያገኘውን በፈረስ እሽቅድምድምና በስፖርት ውርርድ፣ ማለትም ትውስታውም ሆነ ዓይኑ በማይረዱት ነገር ይበትነው ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ኮኬይንም ባሪያው አደረገው። ትዳሩ በ1986 ፈረሰ። በ1990 ሻምፒዮና በሦስተኛው ቀን ወንበሩ ባዶ ሆኖ ሲታይ፣ በሆቴል ክፍሉ ወለል ላይ ራሱን ስቶ ተገኘ። በሕጉ መሠረት በየዙሩ የግዴታ መደቡ ከፊቱ እየተነሣ ጨዋታው ቀጠለ፤ ነገር ግን አስቀድሞ ያከማቸው እጅግ ብዙ ስለነበር ሰውየው በሌለበት ወንበሩ ዘጠነኛ ወጣ። ከዚህ የበለጠ ተሰጥኦውንና ጥፋቱን ባንድነት የሚያሳይ ነገር የለም።

በ1997 መግቢያ ሳይኖረው ወዳጁ ቢሊ ባክስተር 10,000 ዶላር ከፈለለት፤ ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ስሙ ገባ። ተወዳዳሪዎቹ 312 ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን ድካም ቢያንገላታውም እየበረታ ሄደ። አደንዛዥ ዕፁ ያበላሸው አፍንጫው እንዳይታይ ክብ ሰማያዊ መነጽር አድርጎ፣ በፍሪሞንት ጎዳና ላይ በአደባባይ በተዘረጋው የመጨረሻ ጠረጴዛ ተቀመጠ። ከጆን ስትረምፕ ጋር ሁለቱም አስ ይዘው በተገናኙበት በመጨረሻው እጅ፣ ከሁሉም በኋላ የተገለጠችው ባለ ሁለት ካርታ ተከታታዩን ሞላችለት። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ዳግመኛ ሻምፒዮን ሆነ። አንድ ሚሊዮኑን ዶላር ከባክስተር ጋር እኩል ተካፈለ።

የእርሱ ድርሻ በወራት ውስጥ በዕዳ፣ በውርርድና በዕፅ አለቀ። በ1998 ባክስተር ዳግመኛ ሊከፍልለት ቢዘጋጅም፣ ውድድሩ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት ደክሞኛል ብሎ ቀረ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 22 ቀን በላስ ቬጋስ ኦዌሲስ በተባለ ርካሽ ሞቴል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ዕድሜው 45 ነበር። ምርመራው ለዓመታት በዘለቀው የዕፅ ሱስ ሳቢያ የመጣ የልብ ሕመም እንደገደለው አረጋገጠ። በክፍሉ የተገኘው ገንዘብ 800 ዶላር ያህል ነበር። በ2001 ስሙ በፖከር የክብር መዝገብ ሰፈረ፤ የቀብሩን ወጪ ግን ስቱፓክ ከለቀስተኞች አሰባስቦ ነበር የሸፈነው።