ኢብኑ ነፊስ፦ የደምን ጎዳና ያረሙት ፈቂህና ሐኪም

ሰው በዕረፍት ላይ ሳለ ልቡ በየደቂቃው አምስት ሊትር ያህል ደም ከቀኝ ክፍሉ ወደ ሳንባ ይልካል። ደሙ በሳንባ ውስጥ ኦክስጅን ተቀብሎ ወደ ግራው የልብ ክፍል ይመለሳል፤ ከዚያም ወደ መላ አካል ይሰራጫል። በልብ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የልብንና የሳንባን ሥራ ለጥቂት ሰዓታት ተክቶ የሚሠራው መሣሪያም ሆነ፣ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ሳንባቸው የዛለባቸውን ሕሙማን ደም ከአካል ውጭ ኦክስጅን እየሰጠ ሲመልስ የነበረው ማሽን የተሠሩት ይህንኑ መንገድ ተከትለው ነው።

እስከ ዛሬ በሚታወቀው ታሪክ ይህን መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ ያሰፈሩት ሰው፣ በካይሮ ከተማ ሕሙማንን እያከሙ በመድረሳ ደግሞ የሻፊዒይን ፊቅህ የሚያስተምሩ ዓሊም ነበሩ። ሙሉ ስማቸው ዓላኡዲን ዐሊይ ኢብኑ አቢል ሐዝም አል-ቀርሺ ሲሆን፣ ታሪክ የሚያውቃቸው ኢብኑ ነፊስ በሚለው መጠሪያ ነው።

የተወለዱት በሰባተኛው ክፍለ ዘመነ ሒጅራ መጀመሪያ፣ ማለትም በ1210ዎቹ አካባቢ፣ በሻም ምድር በደማስቆ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ከሒጅራው ውጭ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) የሕክምናን ትምህርት የተማሩት ኑረዲን ዘንኪ በከተማይቱ ባሠሩት በኑሪ ቢማሪስታን ነበር። ቢማሪስታን በወቅፍ ገቢ የሚተዳደር፣ ሕሙማን የሚታከሙበት፣ ተማሪዎችም ከመምህራቸው ኋላ ከአልጋ ወደ አልጋ እየተከተሉ ሙያውን የሚቀስሙበት ሆስፒታል ነው። መምህራቸው በዘመኑ ስመ ጥር የነበሩት ሙሐዘቡዲን አድ-ደኽዋር ናቸው። እኚህ ሰው መኖሪያ ቤታቸውን የሕክምና ትምህርት ቤት ይሆን ዘንድ ወቅፍ አድርገው በ1230 ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

ከአድ-ደኽዋር ዘንድ ከተማሩት መካከል የሐኪሞችን ታሪክ በሰፊው የጻፉት ኢብኑ አቢ ኡሰይቢዓ ይገኙበታል። የሚያስደንቀው ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞችን የመዘገበው መጽሐፋቸው በሰፊው በሚታወቁት ቅጂዎቹ ስለ ኢብኑ ነፊስ አንድም ምዕራፍ የለውም። ብዙ ጸሐፊዎች ነገሩን በሁለቱ መካከል ከነበረ ቅሬታ ጋር ያያይዙታል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ በኋላ የመጣው ትውልድ ስለ እኚህ ሰው ሊያውቅ ከሚችለው ብዙው በዚህ ዝምታ ቀርቷል።

በ1236 ኢብኑ ነፊስ ወደ ካይሮ ተጓዙ፤ ቀሪ ዘመናቸውንም እዚያው አሳለፉ። ከጊዜ በኋላ የግብፅ ሐኪሞች አለቃ እስከ መሆን ደርሰዋል። ሆኖም ሕክምና ብቸኛ ሙያቸው አልነበረም። በካይሮው የመስሩሪያ መድረሳ ፊቅህ ያስተምሩ ነበር፤ የአቡ ኢስሓቅ አሽ-ሺራዚን «አት-ተንቢህ» የተባለ የሻፊዒይ ፊቅህ ኪታብም ሸርሕ አድርገዋል። ታጁዲን አስ-ሱብኪ የሻፊዒይ መዝሀብ ዑለማእን በመዘገቡበት ታላቅ መጽሐፋቸው ውስጥ ከፈቂሆቹ ተርታ አስገብተዋቸዋል። «አል-በሕሩል ሙሒጥ» የተሰኘው ተፍሲር ባለቤት አቡ ሐያን አል-አንደሉሲም ከእርሳቸው የመንጢቅ ትምህርት ቀስመዋል። በሐረር ወይም በባሌ የሻፊዒይን ኪታቦች እየቀራ ያደገ አንባቢ ይህን ሰው በሕክምና መጽሐፍ ገጽ ላይ ብቻ ሲያገኘው ግማሹን እንደተነፈገ ሊሰማው ይገባል። እንዲያውም ሕክምናቸውን ለመረዳት የፈቂህነታቸው መንገድ ይረዳናል ብዬ አምናለሁ።

የዚያን ዘመን ሐኪሞች ስለ ልብ የሚያውቁት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊ ሐኪም ጋሌን (ዐረቦቹ ጃሊኑስ የሚሉት) ያስተማረውን ነበር። እንደ ጋሌን አባባል ደም የሚዘጋጀው ከምግብ ሲሆን፣ ቦታውም ጉበት ነው። ከጉበት ወደ ቀኝ የልብ ክፍል ይገባል፤ ከዚያም ከፊሉ ሁለቱን ክፍሎች በሚለየው ግድግዳ ውስጥ ባሉ ለዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ሾልኮ ወደ ግራው ክፍል ያልፋል። በዚያም ከሳንባ ከመጣው አየር ጋር ተዋሕዶ የሕይወት መንፈስ ይሆናል። ታላቁ ኢብኑ ሲናም «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፋቸው በአብዛኛው ይህንኑ ተከትለዋል። ቀዳዳዎቹን ያየ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ጋሌን አለ ብሎ ነበርና ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ እንዳሉ ተቆጠረ።

ኢብኑ ነፊስ በአል-ቃኑን ውስጥ በተለያየ ስፍራ ተበትኖ የነበረውን የሰውነት አካላት ትምህርት ሰብስበው በአንድነት ሸርሕ አደረጉት። ይህ «ሸርሑ ተሽሪሒል ቃኑን» የተባለው መጽሐፍ ነው። ከቀደምት ቅጂዎቹ አንዱ የተገለበጠው በ640 ዓመተ ሒጅራ (1242) ስለሆነ፣ ሲጽፉት ዕድሜያቸው ከሠላሳዎቹ መጀመሪያ ያለፈ አልነበረም። በሐልቃ ተቀምጦ ኪታብ የቀራ ሰው የሸርሕን ጠባይ ያውቀዋል፤ ሻሪሑ መትኑን ያብራራል፣ የላላውን ያጠብቃል፣ ደሊል ያልቀረበበትን ነገር ግን የመትኑ ባለቤት የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን እንዲሁ አያሳልፍም። ኢብኑ ነፊስም በኢብኑ ሲና ላይ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለሊቁ ያላቸውን አክብሮት ሳያጓድሉ፣ ልብ ዘንድ ሲደርሱ ቆም አሉ።

ክርክራቸው እንዲህ ይሄዳል። በሁለቱ የልብ ክፍሎች መካከል ያለው ግድግዳ ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ነው። አንዳንዶች እንደገመቱት የሚታይ ቀዳዳ የለበትም፤ ጋሌን እንዳለው የማይታይ ቀዳዳም የለበትም። ደሙ ግን ከቀኝ ወደ ግራ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ሊኖረው ግድ ነው። ያም መንገድ ከቀኙ ክፍል ወጥቶ ወደ ሳንባ በሚሄደው ትልቅ ደም ሥር ነው፤ ደሙ በሳንባ ውስጥ ይሰራጫል፣ ከአየር ጋር ይዋሐዳል፣ ከዚያም የጠራው ክፍል ወደ ሌላው የሳንባ ደም ሥር ተሻግሮ ወደ ግራው የልብ ክፍል ይደርሳል። እዚህም ላይ አልቆሙም። የመጀመሪያው ደም ሥር ግድግዳው ወፍራም፣ ሁለተኛው ስስ የሆነበትን ምክንያት መረመሩ፤ ከወፍራሙ የሚያልፈው የጠራው ብቻ እንዲሆን፣ ስሱም ያንን በቀላሉ እንዲቀበል ነው ብለው አስረዱ። በሁለቱም መካከል መተላለፊያ መኖሩን ጻፉ። እነዚህን መተላለፊያዎች፣ ዛሬ ካፒላሪ የምንላቸውን ከፀጉር የቀጠኑ ደም ሥሮች፣ ጣሊያናዊው ማልፒጊ በእንቁራሪት ሳንባ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ያያቸው በ1661 ነው፤ ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

በዚያው መጽሐፍ ሌሎች ሁለት እርማቶችም አሉ። ኢብኑ ሲና ልብ ሦስት ክፍሎች አሉት ያሉትን ሁለት ብቻ ናቸው ብለው አርመዋል። ልብ ራሱ የሚመገበው በቀኝ ክፍሉ ውስጥ ከሞላው ደም ነው የሚለውንም ውድቅ አድርገው፣ ምግቡን የሚያገኘው በገዛ አካሉ ውስጥ ከተሠራጩት ደም ሥሮች ነው ብለዋል። ዛሬ ድንገተኛ የልብ ሕመም የሚከሰተው እነዚሁ ደም ሥሮች ሲዘጉ ነው።

እንዴት ደረሱበት የሚለው ጥያቄ ተመራማሪዎችን እስከ አሁን ያከራክራል። በመጽሐፋቸው መግቢያ አካልን ከመቅደድ ሸሪዓና በውስጣቸው ያለው ርኅራኄ እንዳገዷቸው ገልጸዋል። በውስጡ ግን አካልን ከፍቶ ማየት የቀደሙትን ቃል እንደሚያስተባብል በእርግጠኝነት የሚናገሩባቸው ቦታዎች አሉ። አንዳንዶች በእንስሳት ላይ ሳይመለከቱ አልቀሩም ይላሉ። የታሪክ ተመራማሪው ናህያን ፋንሲ በ2013 ባሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን ኢብኑ ነፊስ ስለ ነፍስና ስለ መንፈስ ከነበራቸው እምነትና ፍልስፍና ጋር ያገናኙታል። ለእኔ ሁለቱ የሚጋጩ አይመስሉኝም። ደሊል መጠየቅን በፊቅህ የለመደ አእምሮ ከልብ ግድግዳም ደሊል ቢጠይቅ የሚገርም አይደለም።

ይሁን እንጂ ለዓሊሙ ያላደረጉትን መስጠት እርሳቸውን ማክበር አይደለም። አንዳንድ ወገኖቻችን ኢብኑ ነፊስ የደምን ሙሉ ዑደት አገኙ ሲሉ ይሰማል። እርሳቸው ያገኙት በልብና በሳንባ መካከል ያለውን ጉዞ ነው። ደም በጉበት ይዘጋጃል የሚለውን የጥንቱን ትምህርት አልተዉትም፤ ደም መላ አካልን ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስም አላስተማሩም። ያንን በ1628 ያሳየው እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ነው።

ስለ አጻጻፋቸው የሚተረከው ድንቅ ነው። ሊጽፉ ሲቀመጡ የተቀረጹ ብዕሮች ይደረደሩላቸዋል፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መጽሐፍ ሳያገላብጡ ከአእምሯቸው እንደ ጎርፍ ያወርዱታል፤ ብዕሩ ሲደንዝ ለመቅረጽ ጊዜ ላለማባከን ጥለውት ሌላ ያነሳሉ። አንድ ቀን በሐማም ገላቸውን በመታጠብ ላይ ሳሉ ወደ መልበሻው ክፍል ወጥተው ቀለም፣ ብዕርና ወረቀት አስመጡ። ስለ ደም ሥር ትርታ አንድ ድርሳን ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ተመልሰው ትጥበታቸውን ፈጸሙ ይባላል።

ከሥራዎቻቸው ትልቁ «አሽ-ሻሚል» የተባለው የሕክምና ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ያቀዱት 300 ጥራዝ ነበር፤ 80 ያህሉን አጠናቀዋል። በገዛ እጃቸው የተጻፉ ጥራዞች ዛሬ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከሕክምና ውጭም «አር-ሪሳለቱል ካሚሊያ» የተሰኘ ትረካ አላቸው። ካሚል የተባለ ሰው ሰው በሌለበት ደሴት ብቻውን አድጎ፣ በአእምሮው ብቻ ፈጣሪን፣ ከዚያም የነቢያትን መላክና የሸሪዓን አስፈላጊነት ሲረዳ ያሳያል። አንዳሉሳዊው ኢብኑ ጡፈይል ከእርሳቸው በፊት በጻፉት ተመሳሳይ ትረካ ውስጥ ባለታሪኩ በፍልስፍና መንገድ ብቻውን ወደ እውነት ይደርሳል፤ ኢብኑ ነፊስ ግን ሰው ያለ ማኅበረሰብና ያለ ነቢይ እንደማይሟላ አጥብቀው ይሞግታሉ። ይህን ሁሉ የጻፉት ባግዳድ በ1258 በሞንጎሎች እጅ በወደቀችበት፣ የግብፅ ጦርም በ1260 በዐይን ጃሉት በመከታቸው ዘመን እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

በዕድሜያቸው መጨረሻ በጠና ታመሙ። የሙያ ባልደረቦቻቸው የነበሩ ሐኪሞች ለሕመማቸው ይበጃል ብለው ጥቂት የወይን ጠጅ እንዲወስዱ መከሯቸው። በዚያ ዘመን ወይንን ለመድኃኒትነት ማዘዝ በሐኪሞች ዘንድ የተለመደ ነበር። በሻፊዒይ መዝሀብ ሚዛን በሚደፋው አቋም ግን ንጹሕ ኸምርን ለመድኃኒት መጠቀም አይፈቀድም። እርሳቸው ሁለቱንም ያውቁ ነበር፤ በሆዳቸው ኸምር ይዘው ከጌታቸው ጋር መገናኘትን አልወደዱምና እምቢ አሉ። ለስድስት ቀናት ታመው በ687 ዓመተ ሒጅራ ዙልቀዕዳ 21፣ ዓርብ ንጋት ላይ (ታኅሣሥ 17 ቀን 1288) አረፉ። አላህ ይዘንላቸው። በእብነ በረድ አስነጥፈው ያሠሩትን ቤታቸውንና መጻሕፍታቸውን በሙሉ፣ ልክ እንደ ደማስቆው መምህራቸው፣ ለሕክምና ወቅፍ አደረጉ፤ ሱልጣን ቀላዉን ከጥቂት ዓመታት በፊት ላሠሩት ለመንሱሪ ቢማሪስታን ተሰጠ።

ከሞታቸው በኋላ በየአገሩ እየተገለበጠ የተነበበው «አል-ሙጀዝ» የተባለው አጭሩ መጽሐፋቸው ነበር፤ በላዩም ሸርሕ ላይ ሸርሕ ተጻፈ። የልቡን ነገር የያዘው ግን ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር ተመልካች አጣ። አል-ካዘሩኒን የመሳሰሉ ጥቂት ሻሪሖች ሐሳቡን ጠቅሰውታል፤ ከዚያ በላይ የገፋበት አልነበረም። በአውሮፓ ሚካኤል ሰርቬተስ በ1553፣ ሬያልዶ ኮሎምቦም በ1559 ተመሳሳይ ነገር ጻፉ። ደማስቆ ለረዥም ዓመታት የኖረው ጣሊያናዊ ሐኪም አንድሬያ አልፓጎ ከኢብኑ ነፊስ ሸርሖች ስለ መድኃኒት የሚናገረውን ክፍል ወደ ላቲን መልሶ ነበር፤ ስለ ልብ የሚናገረው ክፍል ስለ መተርጎሙ ግን ማስረጃ አልተገኘም። ስለዚህ አውሮፓውያኑ ከእርሳቸው ወሰዱ ብሎ መፍረድ ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው።

ነገሩ የተገለጠው በ1924 ነው። ሙሕዪዲን አት-ተጣዊ የተባሉ ወጣት ግብፃዊ ሐኪም በጀርመን ፍራይቡርግ ለዶክትሬት ሲያጠኑ፣ በበርሊን ቤተ መጻሕፍት የተቀመጠውን የሸርሑን የእጅ ጽሑፍ አነበቡ። ባዩት ላይ ተመሥርተው የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አቀረቡ። መምህራኑ ለማመን ተቸገሩ፤ ዐረብኛም አያውቁም ነበርና ጽሑፉን በካይሮ ይኖሩ ለነበሩት የዓይን ሐኪምና የሕክምና ታሪክ ሊቅ ማክስ ማየርሆፍ ላኩት። ማየርሆፍ መርምረው እውነትነቱን አረጋገጡ፤ በ1930ዎቹም ለዓለም ምሁራን አሳወቁ። አት-ተጣዊ ያቀረቡት ጽሑፍ ግን ራሱ ሳይታተም ቀረ። የኢብኑ ነፊስ ሸርሕም በሰልማን ቀጣያ ተስተካክሎ በካይሮ በዐረብኛ የታተመው በ1988 ነው፤ ደራሲው በዚያችው ከተማ ካረፉ ሰባት መቶ ዓመት ሲሞላ።