ሐሰን ካሚል አል-ሰባሕ፦ ከነበቲዬ የተነሡት የኤሌክትሪክ ሊቅ

የመንግሥት መብራት በሚጠፋባቸው ሰዓታት በፋናርና በአካባቢዋ ላሉ ቤቶች ብርሃን የሚሰጣቸው ከጄኔሬተር የሚመጣው ኢሽቲራክ፣ አለዚያም በጣሪያ ላይ የተተከለው ሶላር ነው። ሶላርና ባትሪ የሚሰጡት ቀጥታ ኮረንቲ ሲሆን ማቀዝቀዣውና የልብስ ማጠቢያው የሚሠሩት ግን በተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጠው መሣሪያ ኢንቨርተር ይባላል። ይህ መሣሪያ ገና በቤተ ሙከራ ይፈተን በነበረበት ዘመን ከተመራመሩበት መሐንዲሶች አንዱ የሊባኖስ ተወላጅ የነበሩት ሐሰን ካሚል አል-ሰባሕ ናቸው።

ሐሰን እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ አጋማሽ በደቡብ ሊባኖስ በነበቲዬ ከተማ ተወለዱ። አጎታቸው ሼይኽ አሕመድ ሪዳ በዐረብኛ ቋንቋ ሊቅነታቸው የታወቁ ነበሩ፤ የሐሰን ልብ ግን ወደ ሒሳብ አዘነበለ። ወደ ቤይሩት መጥተው ያኔ የሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ፣ ከ1920 ወዲህ ደግሞ የቤይሩት አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በተባለው ተቋም ተማሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ ኦቶማን ሠራዊት ተመልምለው በቴሌግራፍ ክፍል አገለገሉ። ከጦርነቱ በኋላ በደማስቆና በቤይሩት ሒሳብ አስተማሩ።

በ1921 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለአጭር ጊዜ፣ ቀጥሎም በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። በ1923 በኒው ዮርክ ግዛት ስኬኔክታዲ ከተማ በሚገኘው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ የምሕንድስና ቤተ ሙከራ፣ በቫኪዩም ቱቦ ክፍል ተቀጠሩ።

የቫኪዩም ቱቦ ጥበብ ጥቂቱ ብዙውን የሚያዝበት ነው። በቱቦው ውስጥ ባለው ፍርግርግ ላይ የሚያርፍ አነስተኛ ቮልቴጅ ከእርሱ እጅግ የሚበልጠውን ኮረንቲ ይቆጣጠራል። ስለዚህ መሐንዲሱ ወደ ቱቦው የሚደርሰው ምልክት ስንት ቮልት እንደሆነ አስቀድሞ ማስላት አለበት። የምልክቱን ኃይል ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ኮረንቲው በሚያልፍበት ወረዳ የሚገጥመውን እግዳት፣ ማለትም ኢምፒዳንስ የሚባለውንና በኦም የሚለካውን፣ ማወቅም ያስፈልጋል። በቀላሉ እግዳት ሲታሰብ፣ በዋት የተለካው ኃይል በኦም ከተለካው እግዳት ጋር ይባዛል፤ ከዚያ ራሱን በራሱ ሲያባዙት ያንን ውጤት የሚሰጠው ቁጥር ቮልቴጁ ነው። ለምሳሌ የአንድ ዋት አንድ ሺሕኛ ኃይል በ50 ኦም ላይ 0.224 ቮልት ገደማ ይሆናል። ያው ኃይል በስልክ መስመር በተለመደው 600 ኦም ላይ ግን ወደ 0.775 ቮልት ከፍ ይላል። ኃይሉ ሳይጨምር ቮልቴጁ ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ያላገናዘበ መሐንዲስ ምልክቱ አንሶ ሥራው ይቆምበታል፤ አለዚያም በዝቶ መሣሪያው ይበላሽበታል።

ሒሳብን ያስተማሩት ሐሰን በዚህ ዓይነቱ ሥራ ስሌትን ከሙከራ አጣምረው ያዙ። ዋና ትኩረታቸው ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥታ የሚለውጡት ሬክቲፋየሮችና ቀጥታውን ወደ ተለዋዋጭ የሚመልሱት ኢንቨርተሮች ነበሩ። ምስልን በኤሌክትሪክ በማስተላለፍ፣ ማለትም በቴሌቪዥን ዘርፍም ተመራምረዋል። በስማቸው ከ40 በላይ የፈጠራ መብቶች ተመዝግበዋል። ይሁን እንጂ እንደ ዘመኑ የቅጥር ልማድ መብቱ ለአሠሪው ኩባንያ የሚተላለፍ ስለነበር፣ በሰነዱ ላይ የፈልሳፊነት ስማቸው ሲሰፍር ጥቅሙ የኩባንያው ሆኖ ቀረ።

ሐሰን ካሚል አል-ሰባሕ በጉልምስናቸው፣ ገና ብዙ ሥራ በሚጠበቅባቸው ጊዜ፣ መጋቢት 31 ቀን 1935 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት በደረሰባቸው የመኪና አደጋ ሕይወታቸው አለፈ። አስከሬናቸው ባሕር ተሻግሮ ወደ ሊባኖስ ተመለሰና በትውልድ ከተማቸው በነበቲዬ ዐረፈ።

እርሳቸው የሠሩባቸው መሣሪያዎች በቱቦ የሚሠሩ ነበሩ፤ ዛሬ በየቤቱ ያሉት ኢንቨርተሮች የሚሠሩት ግን በሴሚኮንዳክተር ነው። የቮልቴጅ፣ የኃይልና የእግዳት ዝምድና ግን አልተለወጠም። በፋናር በሚገኘው የሊባኖስ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ፊዚክስ የሚማሩ ወጣቶችም ያንኑ ስሌት ይማራሉ።