የእፅዋትን ጥማትና የደምን ግፊት የለኩት ቄስ

ችግኝ ያፈላ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። ከመደብ የተነቀለ ችግኝ በጠራራ ፀሐይ ከተተከለ ይጠወልጋል፤ አመሻሽ ላይ ወይም ደመና በሸፈነው ቀን የተተከለው ግን ይይዛል። ቅጠሉ ውሃውን እያተነ ሥሩ ገና አፈሩን ስላልጨበጠ፣ የተክሉ ወጪ ከገቢው ይበልጣል። ይህን ወጪና ገቢ በሚዛን አስቀምጠው በቁጥር ካስረዱት ቀደምት ሰዎች መካከል ዋነኛው የእርሻ ባለሙያም ሐኪምም አልነበሩም። በለንደን አቅራቢያ፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቴዲንግተን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ያገለገሉ የደብር ቄስ ነበሩ። ስማቸው ስቲቨን ሄልስ ይባላል።

ሄልስ የተወለዱት እ.ኤ.አ በ1677 በእንግሊዝ አገር በኬንት ግዛት ነው። በካምብሪጅ የተማሩት ለክህነት ቢሆንም፣ ዘመኑ የአይዛክ ኒውተን ስም የገነነበት ነበር። ተፈጥሮ በክብደት፣ በመጠንና በቁጥር ሊመረመር ይችላል የሚለው አስተሳሰብ በልባቸው የሰረጸው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ በ1709 በቴዲንግተን ተሾሙ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልለቀቋትም። በ1720 ያገቧቸው ባለቤታቸው በዓመቱ ሞቱባቸው። ልጅ አልወለዱም፤ ዳግመኛም አላገቡም።

ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ እንደሚመለስ ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ በ1628 አስረድቶ ነበር። ልብ ደሙን በምን ያህል ኃይል እንደሚገፋ ግን የለካ አልነበረም። ሄልስ ለሥራ የማትሆን፣ ልትገደል የተወሰነባትን አንዲት የ14 ዓመት ባዝራ በጀርባዋ አስተኝተው አሰሩ። በጭኗ የሚያልፈውን ደም ቅዳ ከፍተው ቀጭን የናስ ቱቦ አስገቡ፤ በዚያም ላይ 9 ጫማ ርዝመት ያለው የመስታወት ቱቦ አቆሙ። ደሙ ከልቧ የግራ ታችኛ ክፍል በላይ 8 ጫማ ከ3 ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሜትር ያህል ወጣ፤ ልቧ በመታ ቁጥርም ከፍና ዝቅ ይል ነበር። በታሪክ የታወቀው የመጀመሪያው የደም ግፊት ልኬት ይህ ነው። ዛሬ በጤና ጣቢያ ክንዳችን ታስሮ የሚነገረን ቁጥር የሜርኩሪ ከፍታ በሚሊ ሜትር ነው። ሜርኩሪ ከደም 13 እጥፍ ያህል ስለሚከብድ መለኪያው አጠረ እንጂ፣ 120 የሚባለው ግፊት በደም ቢለካ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል።

ሥራው ጭካኔ አልነበረበትም ማለት አይቻልም። ባዝራዋ ደሟ በየመጠኑ እየተቀዳ፣ ግፊቱም በየደረጃው እየተለካ ነበር የሞተችው። ጎረቤታቸው የነበረው ስመ ጥሩ ገጣሚ አሌክሳንደር ፖፕ ሄልስን እንደ ሰው ቢያከብርም፣ በውሾች ላይ ያደረጉትን ይህን መሰል ሙከራ አጥብቆ ይነቅፍ ነበር። ሄልስ ራሳቸውም የእንስሳት ብለታ ስለከበዳቸው ምርምሩን ለዓመታት አቋረጡት።

ወደ ዕፅዋት የመለሳቸው አጋጣሚ ነው። አንድ የወይን ግንድ ጊዜው አልፎ ተገርዞ ፈሳሹ አልቆም አለ። ተክሉ እንዳይሞት ፈርተው የተቆረጠውን አፍ በእንስሳ ፊኛ ሸፍነው አሰሩት፤ ፊኛው ግን ከውስጥ በሚመጣው ኃይል ተወጠረ። ልብ የሌለው ተክል እንዲህ የሚገፋው በምንድን ነው? ቄሱ ይህን ጥያቄ ይዘው ወደ አትክልት ቦታቸው ገቡ።

እ.ኤ.አ በ1724 ክረምት፣ ማለትም በአውሮፓ በጋ፣ በማሰሮ የተተከለ አንድ ሜትር ያህል ቁመት ያለው የሱፍ አበባ መረጡ። ውሃው በአፈሩ በኩል እንዳይተን የማሰሮውን አፍ በስስ የእርሳስ ብረት ደፈኑት፤ ውሃ የሚያጠጡበትን ቀዳዳም በቡሽ ወተፉት። ከዚያም ለ15 ቀናት ጠዋትና ማታ መዘኑት። ተክሉ በ12 ሰዓት የቀን ብርሃን በአማካይ ከግማሽ ኪሎ በላይ ውሃ በቅጠሉ አወጣ። ሌሊት ግን የሚያወጣው ጥቂት ነበር፤ ጤዛ የበዛ እንደሆነም ክብደቱ ይጨምር ነበር። ሄልስ በዚህ አልረኩም። ቅጠሎቹን ሁሉ ቆርጠው በመጠን በመጠን ለይተው፣ በክር በተሠራ መረብ ስፋታቸውን ለኩ፤ 39 ካሬ ጫማ ሆነ። የሥሮቹን ርዝመት አስልተው ቢደምሩት ከ440 ሜትር አለፈ። በመጨረሻም የሱፍ አበባው ከሰው ጋር በእኩል ግዝፈትና በእኩል ጊዜ ሲነጻጸር 17 እጥፍ እንደሚያልበው ደረሱበት። ማሳው በቀትር ለምን እንደሚጠማ ለማስረዳት ዛሬም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

የወይኑን ግንድ ግፊት በሜርኩሪ ሲለኩትም በፈረስ ጭን ውስጥ ካለው የደም ግፊት አምስት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት። ነገር ግን ይህ ኃይል የሚታየው ቅጠል ሳይወጣ በፊት ነው፤ ቅጠሉ ከተዘረጋ በኋላ ተክሉ መግፋቱን ትቶ ውሃ ይስባል። የግንድ ቅርፊት ዙሪያውን ልጠው ውሃው በእንጨቱ በኩል መውጣቱን እንደማያቆም አሳዩ፤ ተማሪዎች ዛሬ ዛይለም ብለው የሚያጠኑት መንገድ ነው። ከዚህም የተነሣ በዘመናቸው የብዙዎችን ግምት ተቃወሙ፦ የተክል ፈሳሽ እንደ ደም አይዞርም፤ ወደ ላይ የሚስበው በዋናነት የቅጠሉ ትነት ነው። ይህ ሐሳብ ሙሉ ማብራሪያ ያገኘው እርሳቸው ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

የዕፅዋቱ መጽሐፍ እ.ኤ.አ በ1727፣ የደሙ ደግሞ በ1733 ታተመ። በሽንት ፊኛ ጠጠር ላይ ላደረጉት ምርምር በ1739 ከሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳልያ ተሸለሙ።

በእርጅናቸው ያሳሰባቸው የሰው ሳንባ ነበር። በመርከብ ሆድና በእስር ቤት የታፈነው አየር ሰው እንደሚገድል ተረድተው፣ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ትልቅ ወናፍ ሠሩ። በለንደን የኒውጌት እስር ቤት የተተከለው በንፋስ ኃይል የሚዞር ነበር። ለመንደራቸውም ንጹሕ ውሃ እንዲመጣ ደክመዋል፤ የምንጩን ፍሰት በሚወዛወዝ ፔንዱለም ለክተው ውጤቱን ከደብሩ መዝገብ ላይ አስፍረውታል።

ጥር 4 ቀን 1761 እ.ኤ.አ በ83 ዓመታቸው አረፉ። ልዕልት አውጉስታ በዌስትሚንስተር አቢይ ሐውልት አቆሙላቸው፤ የተቀበሩት ግን በቴዲንግተን፣ ራሳቸው ባሳነጹት የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር ነው።