በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በገዛ እጃቸው የጻፉት ሕይወት

ዛሬ ስለ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እናወጋችኋለን። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት አርቃቂነታቸው ነው። በጣልያን ወረራ ዋዜማ ጄኔቭ ላይ፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ለኢትዮጵያ የተሟገቱትም እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትርም የሳቸው ነው፤ በአውሬ ተረት አሳብቦ ሹማምንቱን ስለነካ ታገደ እንጂ!

እኛን የሚገርመን ግን ሌላ ነው። ሰውየው ሕይወታቸውን ከልጅነት ጀምረው ራሳቸው ጽፈው አስቀምጠዋል። ዓድዋ ሲዘመት ገና የ12 ዓመት ልጅ ቢሆኑ ነው፤ ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ሄደው ጦርነቱን በዓይናቸው አዩ። ከዚያ ሩሲያ ተወስደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ወረራው ሲመጣ ደግሞ ስደት፣ እስከ ማዳጋስካር ድረስ። ይሄን ሁሉ እሳቸው ባይጽፉት ማን በዝርዝር ይነግረን ነበር? ስንቱ የዓድዋ ዘማች አለ እኮ፣ የልጅ ልጆቹ ስሙን እንጂ ያየውን የማያውቁለት።

በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የጻፉት ታትሞ አላዩትም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ መጽሐፉን ያወጣው 30 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ያ ልጅ ዓድዋ ላይ ያየው ለአንባቢ የደረሰው ያኔ ነው።